የተቀባይ ፕሮቲኖች ጉዞ በሕዋስ ውስጥና ለባዮሎጂ ትምህርት ያለው ትርጉም

መግቢያ

ሕዋስ ከአካባቢው መልእክት እንዴት እንደሚቀበል በባዮሎጂ ትምህርት ሲገለጽ፣ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚሣለው ሥዕል አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። በሕዋሱ ሽፋን ላይ ተተክሎ የቆመ ተቀባይ ፕሮቲን ይታያል፤ ከውጭ የመጣው መልእክተኛ ንጥረ ነገር ቁልፍ ከጓጉንቸር ጋር እንደሚገጥም ሁሉ ከተቀባዩ ጋር ይገጥማል፤ ከዚያም ወደ ውስጥ የሚያመለክት አንድ ቀስት ይሰመርና ትምህርቱ ያበቃል። ሥዕሉ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን የሂደቱን መጀመሪያ ብቻ የያዘ ነው። ከሥዕሉ የጎደሉት ሁለት ነገሮች ቦታና ጊዜ ናቸው። ብዙዎቹ ተቀባይ ፕሮቲኖች መልእክቱን ከያዙ በኋላ በቆሙበት አይቀሩም፤ በደቂቃዎች ውስጥ ከሽፋኑ ተነሥተው ወደ ሕዋሱ ውስጥ ይገባሉ፤ ከዚያም ወይ ወደ ሽፋኑ ይመለሳሉ፣ ወይም ፈርሰው ይጠፋሉ።

ይህ ጉዞ ተራ የጽዳት ሥራ አይደለም። አንድ ሕዋስ መባዛት ወይም ለልዩ ተግባር መለየት እንዳለበት የሚወሰነው መልእክቱ በመድረሱ ብቻ ሳይሆን፣ ተቀባዩ የት እንደሚገኝና ለምን ያህል ጊዜ መልእክቱን ሲያስተላልፍ እንደቆየ ጭምር ነው። ይህን ያልተረዳ ተማሪ ካንሰርን የመልእክት መብዛት ውጤት አድርጎ ብቻ ሊመለከተው ይችላል፤ በብዙ ሁኔታዎች ግን ጉድለቱ የሚገኘው መልእክቱን በሚያቆመው ክፍል ላይ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዕድገት አነሣሽ ፕሮቲኖች ተቀባዮች በሕዋስ ውስጥ የሚያደርጉትን ጉዞ በቅደም ተከተል ማብራራት፣ ጉዞው በመልእክቱ ላይ የሚያስከትለውን ለውጥ በምሳሌ ማሳየትና ይህንኑ በክፍል ውስጥ ለማስተማር የሚረዳ አንድ ቀላል ዘዴ ማቅረብ ነው።

ዕድገት አነሣሽ ፕሮቲኖችና ተቀባዮቻቸው

ዕድገት አነሣሽ ፕሮቲኖች ከአንድ ሕዋስ ወጥተው ሌላውን ሕዋስ እንዲያድግ፣ እንዲባዛ ወይም በሕይወት እንዲቆይ የሚያዙ መልእክተኞች ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ለይተው ያወቁት ሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒና ስታንሊ ኮኸን ሲሆኑ፣ ለዚሁ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1986 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ሁለቱ በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ ከተማ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ አብረው በሠሩበት ወቅት ያጠኑት የነርቭ ዕድገት አነሣሽን ነበር። ኮኸን በኋላ እ.ኤ.አ. በ1962 ከአይጥ የምራቅ ዕጢ የለየውን ሌላ ፕሮቲን አሳወቀ። ይህ ፕሮቲን አዲስ ለተወለዱ የአይጥ ግልገሎች በመርፌ ሲሰጥ ዓይናቸው ከተለመደው ጊዜ ቀድሞ ይገለጥ፣ ጥርሳቸውም ቀድሞ ይበቅል ነበር። ፕሮቲኑ በ53 አሚኖ አሲዶች የተሠራ ሲሆን ኤፒደርማል ዕድገት አነሣሽ፣ በአጭሩ ኢ.ጂ.ኤፍ. ተባለ።

የኢ.ጂ.ኤፍ. ተቀባይ ከመልእክተኛው እጅግ የገዘፈ ነው። የአሚኖ አሲዶቹ ቅደም ተከተል እ.ኤ.አ. በ1984 ሲታወቅ ቁጥራቸው 1186 ሆኖ ተገኝቷል። ተቀባዩ ሦስት ክፍሎች አሉት። አንደኛው ከሕዋሱ ውጭ የሚገኝና መልእክተኛውን የሚይዘው ክፍል ነው፤ ሁለተኛው ሽፋኑን የሚያቋርጠው አጭር ክፍል ነው፤ ሦስተኛው በሳይቶፕላዝም ውስጥ የሚገኘውና የኢንዛይም ጠባይ ያለው ጅራት ነው። ኢ.ጂ.ኤፍ. ሲያያዝ ሁለት ተቀባዮች ይጣመራሉ፤ ጅራቶቻቸውም ታይሮሲን በተባለው አሚኖ አሲድ ላይ እርስ በርስ ፎስፌት ይለጣጠፋሉ። በፎስፌት የተለጠፉት ነጥቦች ለሌሎች ፕሮቲኖች ማረፊያ ይሆናሉ፤ እነዚህም መልእክቱን እየተቀባበሉ እስከ ኑክሊየስ ያደርሱታል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ቁም ነገር አለ። መልእክቱ የሚተላለፈው በጅራቱ በኩል ነው፤ ስለሆነም ጅራቱ ሳይቶፕላዝሙን እስከነካ ድረስ ተቀባዩ በየትኛውም ሥፍራ ቢሆን መልእክት ማስተላለፍ ይችላል። የቀረው ማብራሪያ ሁሉ በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው።

ተቀባዩ ወደ ውስጥ የሚገባበት መንገድ

ተቀባዩ በሽፋኑ ላይ እንደማይቀር የሚያሳይ ግልጽ ማስረጃ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ግራሃም ካርፔንተርና ስታንሊ ኮኸን በሬዲዮአክቲቭ አዮዲን ምልክት የተደረገበትን ኢ.ጂ.ኤፍ. ከሰው ለተወሰዱ ፋይብሮብላስት ሕዋሳት ሰጡ። ሙቀቱ ዜሮ ዲግሪ ሲሆን ፕሮቲኑ ከሕዋሱ ጋር ተያይዞ ይቀራል እንጂ አይፈርስም። ሙቀቱ ወደ ሰውነት ሙቀት፣ ማለትም ወደ 37 ዲግሪ ከፍ ሲል ግን ፕሮቲኑ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያም ስብርባሪው ከሕዋሱ ወጥቶ በዙሪያው ባለው ፈሳሽ ውስጥ ይገኛል። በወባ መድኃኒትነቱ የሚታወቀው ክሎሮኪን ሲጨመር መፍረሱ ይገታል፤ ምክንያቱም ክሎሮኪን ላይሶዞም የሚባሉትን የሕዋሱን የመፍጫ ከረጢቶች አሲድነት ይቀንሳል። ከዚህም ሌላ ኢ.ጂ.ኤፍ. የተሰጣቸው ሕዋሳት ወዲያው ሌላ ኢ.ጂ.ኤፍ. ቢቀርብላቸው የመያዝ ችሎታቸው ቀንሶ ተገኝቷል። ይኸውም በሽፋኑ ላይ የነበሩት የተቀባዮች ቁጥር ዝቅ ማለቱን ያመለክታል።

መግቢያው በርም በዚያው ዘመን ታወቀ። ባርባራ ፒርስ እ.ኤ.አ. በ1976 ክላትሪን ብላ የሰየመችው ፕሮቲን፣ በሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ እንደ ቅርጫት እየተጠላለፈ ሽፋኑን ወደ ውስጥ ያጎደጉደዋል። ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን ኮሌስትሮል ተሸካሚ ቅንጣቶችን የሚቀበለው ፕሮቲን በእነዚህ ጉድጓዶች ውስጥ ተሰብስቦ ወደ ሕዋሱ እንደሚገባና ተመልሶ ወደ ሽፋኑ እንደሚወጣ አሳይተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1985ም ኖቤል ተሸልመዋል። የኢ.ጂ.ኤፍ. ተቀባይም በዋናነት የሚገባው በዚሁ በር ነው። ጉድጓዱ እየጠለቀ ሄዶ አንገቱ ሲጠብ፣ ዳይናሚን የተባለ ፕሮቲን አንገቱን ይቆርጠዋል፤ ተቀባዩን የያዘች ጥቃቅን ከረጢትም ወደ ሳይቶፕላዝም ትገባለች። ከረጢቷ ክላትሪኑን ካራገፈች በኋላ ኢንዶዞም ከሚባለው ክፍል ጋር ትዋሐዳለች።

ተቀባዩ በኢንዶዞም ውስጥ ሲሆን አቀማመጡ ምን ይመስላል? ቀድሞ ከሕዋሱ ውጭ የነበረው ክፍል አሁን ወደ ከረጢቱ ውስጥ ዞሯል፤ ጅራቱ ግን እንደ ቀድሞው በሳይቶፕላዝም ውስጥ ነው። ስለዚህ ተቀባዩ ከሽፋኑ ተነሣ ማለት መልእክት ማስተላለፉን አቆመ ማለት አይደለም።

ከኢንዶዞም የሚነሡት ሁለት መንገዶች

ኢንዶዞም መንገድ የሚለያይበት ሥፍራ ነው። ነገሩን ከመሥሪያ ቤት አሠራር ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ገቢ ደብዳቤ በመጀመሪያ መዝገብ ቤት ይደርሳል፤ ከዚያ ወይ ጉዳዩ ወደሚመለከተው ክፍል ተመልሶ ይመራል፣ ወይም ጉዳዩ ተዘግቶ ፋይሉ ይቀመጣል። በሕዋስ ውስጥም ተቀባዩ ወይ ወደ ሽፋኑ ተመልሶ እንደገና ያገለግላል፣ ወይም ወደ ላይሶዞም ሄዶ ይፈርሳል። ይህን ምርጫ የሚወስኑ ሁለት ምክንያቶች በሚገባ ተጠንተዋል።

አንደኛው የአሲድነት መጠን ነው። ከሕዋሱ ውጭ ያለው ፈሳሽ ፒ ኤች 7.4 ገደማ ሲሆን፣ በመጀመሪያዎቹ ኢንዶዞሞች ወደ 6 አካባቢ ይወርዳል፤ በላይሶዞም ውስጥ ደግሞ እስከ 5 እና ከዚያም በታች ይደርሳል። ቲ.ጂ.ኤፍ. አልፋ የተባለው ሌላው ዕድገት አነሣሽ ከዚሁ ከኢ.ጂ.ኤፍ. ተቀባይ ጋር ይያያዛል፤ ነገር ግን በኢንዶዞም አሲድነት በቀላሉ ይላቀቃል። ባዶውን የቀረው ተቀባይም በብዛት ወደ ሽፋኑ ይመለሳል። ኢ.ጂ.ኤፍ. ግን በዚያው አሲድነት ሳይላቀቅ ስለሚቆይ ተቀባዩ በብዛት ወደ ላይሶዞም ይሄዳል። ሁለቱ መልእክተኞች አንድ ተቀባይ እየተጋሩ የተለያየ ውጤት የሚያስከትሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ተቀባዮቹ የሚመለሱለት ቲ.ጂ.ኤፍ. አልፋ ሕዋሳትን ለረዘመ ጊዜ ሊያነሣሣ ይችላል።

ሁለተኛው ዩቢኪቲን የተባለ አነስተኛ ፕሮቲን ነው። ሲ.ቢ.ኤል. የሚባለው ኢንዛይም ፎስፌት ከተለጠፈበት ተቀባይ ጋር ተያይዞ ዩቢኪቲን ይለጥፍበታል። ይህም በፋይል ላይ «ይዘጋ» ተብሎ እንደሚጻፍ ትእዛዝ ነው። በኢንዶዞሙ ላይ የሚገኙ የፕሮቲን ስብስቦች ምልክቱን ለይተው፣ ተቀባዩ ያለበትን የኢንዶዞም ሽፋን ወደ ውስጥ ያጎደጉዱታል፤ በኢንዶዞሙ ውስጥም ሌሎች ደቃቅ ከረጢቶች ይፈጠራሉ። ተቀባዩ በእነዚህ ደቃቅ ከረጢቶች ከታሸገ በኋላ ጅራቱ ከሳይቶፕላዝም ይለያል። መልእክቱ የሚዘጋው እዚህ ላይ ነው፤ የላይሶዞም መፍጨት ከዚያ ይከተላል።

ቦታና ጊዜ የመልእክቱን ትርጉም እንዴት ይለውጣሉ?

ተቀባዩ በኢንዶዞም ውስጥም መልእክት እንደሚያስተላልፍ የሚያመለክቱ ውጤቶች ተገኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ1994 በካናዳ በሞንትሪያል ከተማ የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኢ.ጂ.ኤፍ. ከተሰጣቸው አይጦች ጉበት ኢንዶዞሞችን ለይተው ሲመረምሩ፣ መልእክት አቀባይ ፕሮቲኖች ከተቀባዩ ጋር ተያይዘው አገኙ። እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ በካሊፎርኒያ በስክሪፕስ የምርምር ተቋም የተሠራ ሙከራ ከረጢት ቆራጩን ዳይናሚን በማሰናከል ተቀባዩ በሽፋኑ ላይ እንዲቀር አደረገ። መልእክቱ በሙሉ ቢጨምር ኖሮ ጉዞው ማጥፊያ ብቻ ነው ይባል ነበር፤ በሙሉ ቢቀንስ ደግሞ ማስተላለፊያ ብቻ ነው ይባል ነበር። ውጤቱ ግን የተደባለቀ ሆነ፤ አንዳንዱ መልእክት ሲጨምር ሌላው ቀነሰ።

ጉዳዩ በዚህ አልተቋጨም። እ.ኤ.አ. በ2012 በየል ዩኒቨርሲቲ ዳይናሚን በጠፋባቸው የአይጥ ሕዋሳት ላይ የተሠራ ጥናት፣ የኢ.ጂ.ኤፍ. ተቀባይ አብዛኛውን መልእክት የሚያስተላልፈው በሽፋኑ ላይ ሳለ ነው ወደሚል ድምዳሜ ደርሷል። እንግዲህ የኢንዶዞም ድርሻ ምን ያህል ነው በሚለው ላይ ክርክር አለ፤ የተቀባዩ ወደ ውስጥ መግባትና መፍረስ መልእክቱን እንደሚገድብ ግን ሁሉም ወገኖች ይስማማሉ።

የጊዜን ሚና በተመለከተ የሚጠቀሰው ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1976 ከአይጥ የአድሬናል ዕጢ እብጠት የተገኘው ፒ.ሲ. 12 የሚባለው የሕዋስ ዘር ነው። እነዚህ ሕዋሳት ኢ.ጂ.ኤፍ. ሲሰጣቸው ይባዛሉ፤ የነርቭ ዕድገት አነሣሽ ሲሰጣቸው ግን መባዛታቸውን አቁመው ረጃጅም ቀንበጥ በማውጣት የነርቭ ሕዋስ መልክ ይይዛሉ። ሁለቱም መልእክተኞች በሕዋሱ ውስጥ የሚያስነሡት አንዱን ዋና የኢንዛይም ሰንሰለት ነው። ልዩነቱ በቆይታው ነው፤ የኢ.ጂ.ኤፍ. መልእክት በቶሎ ይበርዳል፣ የነርቭ ዕድገት አነሣሽ መልእክት ግን ለሰዓታት ይዘልቃል። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ ሥራ እንዳሳየውም፣ የኢ.ጂ.ኤፍ. ተቀባይ ከመጠን በላይ እንዲበዛባቸው የተደረጉት ፒ.ሲ. 12 ሕዋሳት በኢ.ጂ.ኤፍ. ራሱ የነርቭ ሕዋስ መልክ ያዙ። መልእክተኛው ያው ሲሆን ትርጉሙ ተለወጠ።

የቦታን ሚና ደግሞ የነርቭ ሕዋስ ራሱ ጎልቶ ያሳያል። ከአከርካሪ አካባቢ እስከ እግር የሚዘረጋው የሰው ነርቭ አክሶን አንድ ሜትር ያህል ሊረዝም ይችላል። የነርቭ ዕድገት አነሣሽ የሚገኘው በአክሶኑ ጫፍ ነው፤ ሕዋሱ በሕይወት እንዲቆይ የሚያዘው ኑክሊየስ ግን ያለው በሌላው ጫፍ ነው። ከታወቁት የመልእክት ማድረሻ መንገዶች አንዱ፣ ተቀባዩ ከነመልእክተኛው በከረጢት ተጭኖ አክሶኑን በሙሉ አቋርጦ መጓዙ ነው። እዚህ ጉዞው መልእክቱን የሚያጠፋ ሳይሆን የሚያደርስ ሆኗል።

የጉዞው መዛባትና ካንሰር

የትምህርት ቤት ደውል የሚጠቅመው ስለሚደወል ብቻ ሳይሆን ስለሚቆምም ነው። ሳያቋርጥ የሚደወል ደውል ትምህርት ይጀመር ወይም ይብቃ ማለቱ አይለይም። በሕዋስም መልእክቱን የሚያቆመው አካል ሲጎድል ጉዳቱ ከባድ ነው።

ከቫይረሶች የተገኙ ሁለት ምሳሌዎች ይህን ያስረዳሉ። እ.ኤ.አ. በ1984 በዶሮዎች ላይ የደም ካንሰር የሚያስከትል አንድ ቫይረስ የያዘው ጂን ከኢ.ጂ.ኤፍ. ተቀባይ ጂን ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። የቫይረሱ ተቀባይ መልእክተኛውን የሚይዘው ውጫዊ ክፍል የለውም፤ በመሆኑም መልእክት ሳይመጣ ያስተላልፋል። በአይጥ ላይ ካንሰር የሚያመጣ ሌላ ቫይረስ ደግሞ የሲ.ቢ.ኤል. ጉራጅ ይዟል። ጉራጁ ከተቀባዩ ጋር ይያያዛል፤ ዩቢኪቲን የመለጠፍ ችሎታ ግን የለውም። ስለሆነም ወደ ላይሶዞም መሄድ የነበረባቸው ተቀባዮች ወደ ሽፋኑ ይመለሳሉ። በመጀመሪያው ምሳሌ የተበላሸው የመልእክቱ መነሻ ሲሆን፣ በሁለተኛው የተበላሸው መዝጊያው ነው።

በሰው በሽታ ረገድ የጡት ካንሰር ተጠቃሽ ነው። ከጡት ካንሰር ሕሙማን ከ15 እስከ 20 በመቶ በሚሆኑት ላይ ሄር 2 የተባለው የኢ.ጂ.ኤፍ. ተቀባይ ዘመድ ከመጠን በላይ በዝቶ ይገኛል። ሄር 2 የራሱ የታወቀ መልእክተኛ የለውም፤ ከሌሎች ተቀባዮች ጋር ይጣመራል፤ ወደ ውስጥ የሚገባውም በዝግታ ነው፤ ከገባም በአብዛኛው ይመለሳል። ከእርሱ ጋር የተጣመረው የኢ.ጂ.ኤፍ. ተቀባይም ከመፍረስ ይድናል። እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው ትራስቱዙማብ ከሄር 2 ጋር የሚያያዝ ፀረ እንግዳ አካል ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ፈቃድ ያገኘው ተከታዩ መድኃኒት ደግሞ ይህንኑ ፀረ እንግዳ አካል ሕዋስ ገዳይ ኬሚካል አሸክሞ የተሠራ ነው። ይህ መድኃኒት እንዲሠራ ከተቀባዩ ጋር ወደ ሕዋሱ ገብቶ በላይሶዞም መፍረስ አለበት፤ መርዙ የሚለቀቀው ያን ጊዜ ነው። በመሆኑም የተቀባዩን ጉዞ ማወቅ የመድኃኒት ሠሪውም ሥራ ሆኗል።

ለክፍል ትምህርት የሚሆን ዘዴ

ከላይ የተዘረዘሩት ስሞች ሁሉ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚያስፈልጉ አይደሉም። ተማሪው ሊጨብጣቸው የሚገቡት ሦስት ሐሳቦች ናቸው። እነዚህም፦ ተቀባዩ ይንቀሳቀሳል፤ ጅራቱ ሳይቶፕላዝሙን እስከነካ ድረስ መልእክት ያስተላልፋል፤ የመልእክቱ ቆይታ ውጤቱን ይለውጣል የሚሉት ናቸው። ይህን ላቦራቶሪ በሌለበት ክፍልም ማሳየት ይቻላል።

መምህሩ 20 የካርቶን ቁራጮች ተቀባዮች ናቸው ብሎ «ሽፋን» በተባለ ጠረጴዛ ላይ ይደረድራል። ሁለተኛው ጠረጴዛ «ኢንዶዞም» ይባላል፤ ከአጠገቡ «ላይሶዞም» የተባለ ቅርጫት ይቀመጣል። በእያንዳንዱ ዙር ተማሪዎች ካርዶቹን ሁሉ ወደ ኢንዶዞም ወስደው ለእያንዳንዱ ካርድ ሳንቲም ይወረውራሉ። የአንበሳው ገጽ ከወጣ ካርዱ ወደ ሽፋን ይመለሳል፤ ሌላው ገጽ ከወጣ ቅርጫት ይገባል። ከየዙሩ በኋላ የቀሩት ካርዶች ተቆጥረው በግራፍ ላይ ይመዘገባሉ። ቁጥሩ ከ20 ወደ 10 ገደማ፣ ከዚያም ወደ 5 ገደማ እያለ ይወርዳል። ቀጥሎ መምህሩ ቅርጫቱን ያነሣል፤ ካርዶቹም ሁሉ ወደ ሽፋን ይመለሳሉ፤ ግራፉ ከ20 ሳይወርድ ይቀጥላል። ሁለቱን ግራፎች ጎን ለጎን ያየ ተማሪ፣ አንድም ተጨማሪ መልእክተኛ ሳይመጣ መልእክቱ እንዴት ሊበዛ እንደቻለ በራሱ አንደበት ማስረዳት ይችላል።

ምሳሌ ሁሉ ወሰን አለው፤ መምህሩም ይህን ሊገልጽ ይገባል። በእውነተኛ ሕዋስ ሁለቱ መንገዶች እኩል ዕድል የላቸውም፤ የተመለሰው ተቀባይም ብዙ ጊዜ አዲስ መልእክተኛ እስኪያገኝ ዝም ይላል፤ ሕዋሱም አዳዲስ ተቀባዮችን እየሠራ ይተካል። እነዚህን ልዩነቶች ተማሪዎች ራሳቸው ፈልገው እንዲጠቅሱ ማድረግ የትምህርቱ አካል ሊሆን ይችላል። ለግምገማም «የሕዋስ ተቀባይ ምንድን ነው?» ከሚለው ጥያቄ ይልቅ «የክላትሪኑ በር ቢዘጋ፣ የላይሶዞም አሲድነት ቢጠፋ ወይም ሲ.ቢ.ኤል. ባይኖር በመልእክቱ ላይ ምን ይደርሳል?» የሚለው ጥያቄ የተማሪውን መረዳት የበለጠ ይመዝናል።

ማጠቃለያ

ተቀባይ ፕሮቲን የቆመ በር ሳይሆን ተጓዥ መልእክት አቀባይ ነው። በሽፋኑ ላይ መልእክቱን ይይዛል፤ በኢንዶዞም ውስጥ እያለም ሊያስተላልፍ ይችላል፤ በደቃቅ ከረጢት ሲታሸግ ዝም ይላል፤ በላይሶዞምም ይፈርሳል። ከእነዚህ ደረጃዎች በአንዱ ላይ የሚደርስ መዘግየት ወይም መሰናክል ሕዋሱ ለመልእክቱ የሚሰጠውን ምላሽ ሊለውጥ ይችላል። የጤና ሳይንስን ወይም ምርምርን ወደፊት ሙያው የሚያደርግ ተማሪ ሕመምን እንደ መጀመር ብቻ ሳይሆን እንደ አለማቆምም መመልከትን የሚለምደው ከመሠረታዊው የባዮሎጂ ትምህርት ነው። ስለዚህ በጥቁር ሰሌዳው ላይ የሚሰመረው ቀስት ወደ ውስጥ አመልክቶ ብቻ መቅረት የለበትም፤ ተቀባዩ የሚመለስበትንና የሚጠፋበትን መንገድ የሚያሳዩ ሁለት ቀስቶች ሊጨመሩለት ይገባል።